አበሩ ለወንድሟ የያዘችው ኖራ

ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያነሳ ሹፌር የጋቢና መጋረጃው ሲቀደድበት የሚሄደው አበሩ ዘንድ ነው። ቤቷ ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር ውስጥ ነው። በሩ ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር ሁለት የስፌት መኪናዎች አሏት፤ አንዱ ለመጋረጃ፣ ሌላው ለወንበር ልብስ። ዘርፉን በእጇ ትጎነጉነዋለች። ሹፌሮቹ አረንጓዴ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ሲያዟት፣ «ጋቢና ነው ወይስ የሠርግ ዳስ?» ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ ግን ያዘዙትን ትሰፋላቸዋለች።

ከአባቷ ጋር ምድር ባቡር ላይ አብረን ሠርተናል፤ እሱ ፍሬን ያዥ ነበር፣ እኔ ወርክሾፕ ውስጥ። ሲሞት አበሩ ገና ወጣት ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟ ይታገሱ ደግሞ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። የሚጠይቃት ጠፍቶ ሳይሆን፣ «ልጅ አለኝ» እያለች ሳታገባ ቀረች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። በልፋት ያገኘሁትን ቃል በከንቱ አላባክንም። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በቅድሚያ ስለ ኖራው ልናገር። የጅቡቲ መሬት ሣር አያበቅልም። የባሕሩ ጨው ሲሚንቶውን ይበላዋል፤ የእንጨት መስቀልም ብዙ ሳይቆይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እኛ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ እዚህ የኖርን ክርስቲያኖች መቃብርን በድንጋይ እንከብባለን፤ በየሙት ዓመቱ ድንጋዩን ኖራ እንቀባለን። ኖራው የለቀቀ መቃብር ያየ ሰው፣ «ይሄስ ሰው የለውም» ብሎ ያልፋል። በእኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ባለቤቱ አገር ለቆ የሄደ እንደሆነ ጎረቤት ይቀባለታል። ማን እንደቀባ አይነገርም፤ አይጠየቅምም።

ይታገሱ አድጎ ሹፌር ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ጭኖ ደቡብ ሱዳን ገባ። በዚያው ክረምት ጁባ ላይ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ፤ መኪኖቹም ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አንድ ፒስታ፣ አስፋልት በሌለው ጥርጊያ መንገድ ላይ ታግደው ቆሙ። ጥይት አላገኘውም። የገደለው ወባ ነው። አጎበርም ኪኒንም አልያዘም ነበር፤ ትኩሳት ይዞት ጋቢናው ውስጥ፣ እህቱ በሰፋችው መጋረጃ ሥር ሞተ። አብሮት የነበረው ሹፌር ጌቾ ከመንገዱ ዳር፣ አንድ የማንጎ ዛፍ አጠገብ ቆፍሮ ቀበረው፤ ድንጋይም ከመረበት። ተኩስ እየተሰማ ስለነበር ጸሎቱን እንኳ የጨረሰው እየሮጠ ነው።

ጌቾ ተመልሶ ሲያረዳት አበሩ አላለቀሰችም። ድንኳን እንትከል ስንላት፣ «መቃብሩን ሳላይ ምን ብዬ?» አለች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የአባቷን ድንጋይ ቀብታ ስትጨርስ፣ ብሩሹን እንደያዘች ወደ እኔ ትዞራለች።

«የይታገሱ ግራጫ ነው፣ ጋሼ። ያለፈ ያገደመው ሰው የለውም ይለዋል።»

ሰላም ወረደ ተባለ። ዓመታትም አለፉ። ጌቾ እንደገና ወደዚያ አገር ጭነት ማመላለስ ጀመረ፤ አንድ ቀን መጋረጃ ሊያሰፋ መጥቶ፣ «እትዬ፣ አሁን ይኬዳል። ዛፏን ካየሁ አልስታትም» አላት። አበሩ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳበችና የስፌት መኪናውን ሸፈነችው። ብቻዋን ልልካት አልቻልኩም፤ በአባቷ ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ዝግጅቱ ረጅም ነበር። ፓስፖርት ለማሳደስ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወዳለው ኤምባሲያችን ተመላለስን። ቪዛው የሚጠየቀው በኢንተርኔት ሲሆን፣ ከዚያ አገር የሚጋብዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ጁባ ሆቴል ያላት የምስራች የምትባል የጌቾ ወዳጅ ጋበዘችን። የቢጫ ወባ ክትባት የሌለው ሰው ደግሞ እዚያ አገር አይገባም። ክትባቱን የምትሰጠው ነርስ ኻሊዳ ትባላለች፤ ካርቲየ 4 ሰፈር ከእኛ ልጆች ጋር አብራ ስላደገች አማርኛ እንደ ውሃ ትጠጣለች።

«አባባ፣ ይሄ መርፌ ለሽማግሌ ዝም ብሎ አይሰጥም። መጀመሪያ ሐኪሙ ይይዎት።»

«ሽማግሌ ነው ያለሽ ማነው?»

«ፓስፖርትዎ።»

አበሩ ተንከትክታ ሳቀች። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ፣ የምወስደውን መድኃኒት ጠይቆ ፈቀደልኝ። ኻሊዳ ቢጫውን ካርድ ስትሰጠን፣ «የሚሠራው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ቸኩላችሁ ነገ ብትሄዱ ከአየር ማረፊያው ይመልሷችኋል» አለችን።

በወባው ጉዳይ አበሩ አሥር አለቃ ሆነችብን። ኪኒኑን ከጉዞው በፊት ጀምራ ጠዋት ጠዋት በእጇ ታጎርሰን ነበር። ምላሱን አውጥቶ እንዲያሳያት ጌቾን ስታዝዘው፣ «እትዬ፣ የሁለት ልጆች አባት እኮ ነኝ» አላት። «ይታገሱም ትልቅ ሰው ነበር» አለችው። ጌቾ ምላሱን አወጣ። አጎበሮቹን ራሷ ሰፋቻቸው፤ ልማድ ሆኖባት ጠርዛቸው ላይ ዘርፍ አደረገችበት። በሻንጣዋ ውስጥ ደግሞ አንድ ከረጢት ኖራና ብሩሽ ከተተች።

ጁባ ስንደርስ የቢጫውን ካርድ አዩ፣ ትኩሳታችንን ለኩ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም መቱ። ሻንጣው ሲከፈት ፈታሹ ነጩን ዱቄት አይቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ሌሎቹም መጡ። ላብ አሰመጠኝ። አበሩ ግን የጅቡቲ አረብኛዋን አውጥታ፣ «ኖራ ነው። ለወንድሜ መቃብር» አለችው። ሰውየው አያትና ከረጢቱን በጥንቃቄ አስሮ ራሱ ሻንጣው ውስጥ መለሰው። «የእኔ ወንድም የት እንደወደቀ አላውቅም» አለን፤ ከዚያም አሳለፈን።

የምስራች ማታ እራት ላይ ሕጉን ነገረችን። ውሃ የታሸገውን ብቻ። ስልክ ወደ ድልድይና ወደ ወታደር አይዞርም፤ ፎቶ ያለ ፈቃድ ያሳስራል። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ ላይ መገኘት የለም።

«ከሁሉም ከሁሉም ከመኪና መንገድ እንዳትወጡ» አለች። «አገሩ ገና ፈንጂው ተለቅሞ አላለቀም። ሽንት ቢመጣባችሁም እዚያው መንገዱ ላይ።»

«በሰው ፊት?» አለች አበሩ።

«ሰው ፊቱን ያዞርልሻል፣ እትዬ። ፈንጂ ፊቱን አያዞርም። ቀይ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ባላችሁበት ቁሙ። ቀይ ማለት ሞት ነው።»

አበሩ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች፣ «ቀይ፣ ቀይ» እያለች ለራሷ ስታጠና ሰማኋት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የምስራች ባዋሰችን መኪና ወጣን። የሚነዳው ጌቾ ነበር። ወደ ኒሙሌ ከሚወስደው አስፋልት ወጥተን ፒስታውን ያዝን። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ በበጋው ሐሩር ደርቆ ገለባ መስሏል። ጌቾ ዛፏን ይፈልጋል። አንዳንዴ ቀዝቀዝ ያደርግና አንገቱን አውጥቶ ያያል፤ ከዚያ እንደገና ይነዳል። በመጨረሻ ድንገት ፍሬን ያዘ።

«ዛፏ! ያቻት ዛፏ!»

ማንጎዋ ከመንገዱ ገባ ብላ ቆማለች። ከመንገዱ ዳር፣ ሣሩ ሳሳ ያለበት ቦታ ላይ፣ ድንጋዮች በተርታ ተደርድረዋል። ነጭ ናቸው። ባልሰሰተ እጅ፣ በደንብ ተቀብተዋል።

አበሩ አየቻቸው። የዚያን ጊዜ ፊቷ የሆነውን ለመግለጽ አቅም የለኝም። ብቻ፣ «ቀብተውለታል» አለች። ቀጥላም ጮኸች፦ «ጋሼ፣ ሰው ቀብቶለታል! ሰው አለው!»

እኔም ያንኑ አሰብኩ። እውነቱን እናገራለሁ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንድ የማናውቀው የዚህ አገር ሰው፣ ጎረቤት እንደሚያደርገው አድርጎ፣ ስሙን ሳይናገር ቀባለት ብዬ አሰብኩ። መኪናው በቅጡ ሳይቆም አበሩ ከረጢቷን ይዛ ወረደች። ድንጋዮቹን ተሻገረች። እኔ ጉልበቴ እሺ ብሎኝ ከመኪናው እስክወርድ፣ እሷ ሣሩ ውስጥ ገብታ፣ ከረጢቱን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በጉልበቷ ተንበርክካለች። ልትጠራን ዞረች። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

የምታየው እኛን አልነበረም። ድንጋዮቹን ነበር።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። «በዚህ በኩል ቀይ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። የባቡር ግጭት አይቻለሁ፤ የጓደኛዬን እጅ ከባቡር መንኮራኩር ሥር አውጥቻለሁ። እንደዚያች ቃል ያደነዘዘኝ ግን የለም። ከእኛ በኩል እንደ በረዶ የነጣ ድንጋይ፣ ከእሷ በኩል እንደ ደም ቀይ ነው። ድንጋዮቹ መቃብርን የከበቡ አልነበሩም፤ ሞትን ከልለው የተደረደሩ አጥር ናቸው። እሷ ያለችው ከአጥሩ ውስጥ ነው።

ጌቾ ሊሮጥ ሲል ሸሚዙን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩት። ቁልፎቹ ተበጠሱ።

«ልቀቁኝ ጋሼ!»

«ቁም! አንተም ልትሞት ነው? አበሩ፣ አትንቀሳቀሺ! እጅሽንም እግርሽንም እንዳለ ተዪው!»

ጌቾ ቆመ። ቆሞም ዛፏን አየ፤ መሬቱን አየ። ከዚያ ቀለሙ ከፊቱ ላይ ተገፎ ሲሄድ አየሁ።

«እዚህ ነው የቆፈርኩት» አለ። «በአካፋ ነው የቆፈርኩት፣ ጋሼ። ድንጋይ ለመልቀም ወዲያና ወዲህ ስል ነበር... እየሮጥኩ...» ፒስታው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሁለቱን መዳፎቹን እያገላበጠ ሲያይ ነበር፤ የእሱ መሆናቸውን የተጠራጠረ ይመስል።

በሞተር ብስክሌት የሚያልፍ አንድ ወጣት ሁኔታውን አየና ፈንጂ አምካኞቹ ያሉበትን አውቃለሁ ብሎ አቧራውን እያስነሳ ነጎደ። እኛ ቀረን። ፀሐይዋ ከረረች። አበሩ ተንበርክካለች፤ አንድ መዳፏ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ልታነሳው ፈራች፤ እኔም አንሺው ለማለት ፈራሁ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ለመሳብ እንኳ አልደፈረችም።

«ጋሼ።»

«አቤት ልጄ።»

«ዛሬ ኪኒኑን አልዋጥኩም። ለእናንተ ስሰጥ የራሴን ረሳሁ።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቄ ራሱ አስደነገጠኝ። እሷም ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ፣ በአፍንጫዋ ብቻ ሳቀች።

«አባባ ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ ምን ያደርግ ነበር?» አለች።

«ፍሬኑን ይይዝ ነበራ። ከአሊ ሰቢህ ቁልቁለት ላይ፣ ነፋሱ ዓይኑን አሸዋ እየሞላው፣ እጁን አያነሳም። ልቀቅ የሚለው ፊሽካ እስኪነፋ አያነሳም።»

«እንግዲያ ፊሽካው እስኪነፋ» አለች። መዳፏም እዚያው ቀረ።

አምካኞቹ ሲመጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነበር። አለቃቸው ኦኬሎ የሚባል ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የጁባ አረብኛው ከእኛ አረብኛ ይለያል፤ ቀስ ብሎ ሲናገር ግን እንግባባለን። በመጀመሪያ ያነጋገረው እኛን ሳይሆን እሷን ነው። «እማማ፣ በጣም ጥሩ አድርገሻል። እንደዚሁ ሁኚ። እኔ እመጣልሻለሁ» አላት። ከዚያ የፊት መከለያውን አጠለቀ፣ በሆዱ ተኛ። መሬቱን እንደ ታማሚ ገላ በቀስታ እየዳሰሰ፣ ሣሩን ቆንጥጦ እየቆረጠ፣ ከመንገዱ ወደ እሷ ጠባብ መተላለፊያ መክፈት ጀመረ። ጸሎት ልጸልይ ብዬ ጀመርኩ፤ መጨረሻው ጠፋብኝና ደጋግሜ መጀመሪያውን አልኩት።

አጠገቧ ሊደርስ ሲል ቆመ። እጁን ከፍ አድርጎ ሰዎቹን ጠራ። የኖራው ከረጢት ከተቀመጠበት ቦታ አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ መሬቱን በብሩሽ ይጠርግ ጀመር። ያገኘውን ኋላ ላይ፣ እሷ ከወጣች በኋላ፣ ከሩቅ አሳየን። ፈንጂዋ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ታክላለች። ዝናብና ጭቃ አልብሷት፣ ልጅ ቢያገኛት መጫወቻ የሚያደርጋት ነገር ናት። አሁንም በዓይኔ ላይ ትመጣለች።

አበሩ በተከፈተላት መተላለፊያ ወጣች። ጉልበቷ ስለደነዘዘ ኦኬሎ ደግፏት ነበር። ጌቾ እግሯ ላይ ተደፋ።

«ተነስ አንተ» አለችው። «ወንድሜን የቀበርክበት እጅ ነው፤ አቧራ ላይ አታንከባልለው።»

ቀጥላ ኦኬሎን ጠየቀችው፦ «ምልክቱ ለምን የለም? ቀይ ምልክት ካያችሁ ቁሙ ነበር ያሉን።»

«ቆርቆሮ ምልክት ነበረው» አላት። «ለጣራ የሚሆን ነገር የቸገረው ሰው ነቅሎ ወሰደው። ስለዚህ ድንጋይ እንቀባለን። ነጩ ወገን ሰው ደህና ሆኖ ወደሚሄድበት ይዞራል፤ ቀዩ ወደ አደጋው። የዚህ አገር ልጆች ሁሉ ያውቁታል።»

እኛ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የምናውቀው። ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

የድንጋዩ ክምር ከመተላለፊያው ጫፍ ሲያዩት ይታያል። ሣር በልቶታል፤ ግራጫ ነው። ከአበሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ከዛፏ ሥር አለ። እዚያ ድረስ ክፈቱልኝ አለችው። ኦኬሎ መከለያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ።

«አሁን የያዝነው ትምህርት ቤት ነው፣ እማማ። ልጆቹ በፈንጂ መሃል ነው የሚማሩት። ለዚህ ቦታ ተራው የሚደርሰው በመጪው በጋ ነው።»

አበሩ ለረጅም ጊዜ ክምሩን አየችው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለዚያ ክምር ነበር፤ አሥር እርምጃ ብቻ ሲቀራት ቀረባት።

«ትምህርት ቤቱ ይቅደም» አለች። ከዚያ እሱ ራሱ ያወጣላትን የኖራ ከረጢትና ብሩሹን መልሳ ሰጠችው። «ተራው ሲደርስ አንተ ቀባልኝ።»

«በየትኛው ወገን?» አላት፤ ለሥራው ብሎ የጠየቀው ነበር።

«በሁሉም ወገን።»

ጅቡቲ ተመልሰን አበሩ የስፌት መኪናዋን ገልጣ ሥራ ጀመረች። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። የአባቷ ሙት ዓመት ሲደርስ መካነ መቃብሩ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ባየች ቁጥር ዞራ ጀርባውን ታይ ነበር፤ የራሷንም፣ የሰውንም። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ማንም በማያየኝ ሰዓት ሁለት ሦስቱን ዞሬ አይቻለሁ።

በተከታዩ ዓመት በጋ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸራው ሥር ተቀምጠን ሳለን ስልኳ ጮኸ። ከኦኬሎ ፎቶ መጥቷል። ሣሩ ታጭዷል። ክምሩ ተስተካክሎ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተከቦ፣ ነጭ ሆኗል። ደስ ትሰኛለች ብዬ ፊቷን አየሁ። ፊቷ ቀዩን ድንጋይ እንዳየችበት ቀን ሆነ።

«ከፊት ነው ያነሳው» አለች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ በአረብኛ፣ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላም አንሳልኝ» ብላ ላከች።

መልስ ቶሎ አልመጣም። የጀመረችውን ዘርፍ ሦስቴ ጎንጉና ሦስቴ ፈታችው። እኔም ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ማንጎዋ አሁን በሌላኛው ጎን ናት፤ ከርቀት ፒስታው ይታያል። ድንጋዮቹ ነጭ ናቸው። ከዳር የአንድ ሰው ጫማ ገብቷል። አበሩ በሁለት ጣቷ ምስሉን አሰፋችው።

«የኦኬሎ እግር ነው» አለች። «አዩት ጋሼ? ከኋላ ቆሟል። ቆሞበታል።»

ስልኩን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ ደረቷን መታች፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልወጣው ለቅሶ ወጣ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቶች በየበሩ እየወጡ ሮጠው መጡ፤ ሱማሌዋም፣ አፋሯም፣ የእኛም ሰዎች።

«ምነው? ማን ሞተ?» አሉ።

«ወንድሜ» አለች አበሩ። «ይታገሱ።»

ማንም መቼ ብሎ አልጠየቀም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ተቀመጡም።